ጋሽ አንዴ ልየው እና ያልደረቀው ኮላ

ከምሳ በኋላ ያ ዝናብ ባይጥል ኖሮ ሁለቱ ሰዎች በእኔ ልብስ ስፌት ቤት ባልተገናኙ ነበር። አንደኛው፣ የሰፈራችን መምህር፣ ሱሪውን ሊያሳጥር መጥቶ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ተቀምጧል። አጎቱ፣ ጎረቤቴ የሆኑት አናጢ፣ ራሳቸውን በካርቶን ሸፍነው እየሮጡ ገቡ።

«ልጄን አይታችኋታል?» አሉ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ።

አላየናትም አልን።

እኚህን አናጢ የሰፈሩ ሰው በስማቸው አይጠራቸውም፤ «ጋሽ አንዴ ልየው» ነው የሚላቸው። ሌላ ሰው የያዘውን ነገር ሁሉ «እስቲ አምጣው፣ አንዴ ልየው» ብለው ስለሚቀበሉ ነው። የእሳቸውን አናጢ ቤትና የእኔን ስፌት ቤት የሚለየው ስስ የጣውላ ግድግዳ በመሆኑ፣ ይህን ቃል ከመጋዙ ድምፅ ይልቅ አዘውትሬ እሰማዋለሁ። ያን ጊዜም መቀመጥ አቅቷቸው መቀሴን አነሱ፤ ስለቱን በአውራ ጣታቸው ሞከሩና አስቀመጡ፤ ደግሞ ክር መተርተር ጀመሩ።

«ምን ሆነች?» አለ መምህሩ።

«ኮበለለች!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው ከእሳቸው ጋር መሥራት ከጀመረች ብዙ ጊዜ ሆኗታል፤ ሆኖም ከመነሻው እስከ መድረሻው «የእኔ ነው» የምትለው አንድም ሥራ የላትም። በሌላ ከተማ ያለ የእንጨት ፋብሪካ ሊቀጥራት ሲጠይቃት፣ «አባዬ፣ ይህን ቁም ሣጥን ብቻዬን ልሥራው። እጅህን ካላስገባህ እቀራለሁ፤ ካስገባህ ሰኞ እሄዳለሁ» አለቻቸው። እሳቸውም ማሉላት። የሣጥኑን በር በኮላ አጣብቃ፣ በሞርሳ፣ በብረት ማጥበቂያው፣ ጠፍንጋ፣ ምሳዋን ልትበላ ወጣች። ጋሽ አንዴ ልየው ብቻቸውን ቀሩ። ኮላው መያዝ አለመያዙን ለማየት ሞርሳውን ፈቱት፤ በሩም ተበታተነ። ልጅቱ ተመልሳ የሆነውን አየች። ሽርጧን አውልቃ ሄደች።

«ፈቱት?» አለ መምህሩ። «ኮላ መያዙን ሞርሳ ፈትቶ የሚያይ አናጢ አለ እንዴ?»

«ጥቂት ነው ያላላሁት!»

«አጎቴ፣ ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልበልዎት። ጥንት የነበሩ የቻይና ጠቢባን ታኦ የሚሉት ትምህርት አላቸው፤ መንገድ ማለት ነው። ሁሉም ነገር የራሱ አካሄድ አለው፤ አካሄዱን አይቶ የሚሠራ ይቀናዋል፣ በግድ የሚገፋ ግን የሠራውን ራሱ ያፈርሰዋል ይላሉ።»

«ቻይና ኮላውን ትላክልኝ፤ ምክሯን ለራሷ ታኑረው!» አሉ፤ ክሩንም ጣሉት። «ታዲያ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? ስንፍና በቻይንኛ ሲጠራ ጥበብ ሆነ?»

ይህን ጥያቄ እኔም በልቤ ይዤው ስለነበር መርፌዬን አቁሜ መልሱን ጠበቅሁ።

«ስንፍና አይደለም» አለ መምህሩ። «እንጨት ሲልጉ በየት በኩል ነው የሚገፉት?»

«ጭረቱ ወደ ተኛበት ነዋ! በተቃራኒው ከገፋኸው ይቦጨቃል። ይህን ደግሞ ማን ያጣዋል?»

«እንግዲያው መላግዎን አልተዉም፤ ከእንጨቱ ጋር መጣላቱን ነው የተዉት። በር ሲገጥሙስ ዙሪያውን ትንሽ ክፍተት ለምን ይተዉለታል?»

«እርጥበት ሲገባው ያብጣላ። ጥርቅም አድርገህ ከገጠምከው አልከፈት ይልሃል።»

«ለእንጨቱ መተንፈሻ ከተዉለት፣ ለልጅዎስ?»

«ልጅና እንጨት አንድ ነው እንዴ? እንጨት አይኮበልልም!» ብለው ወደ በሩ ሄዱ፤ ዝናቡን አይተው ተመለሱ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ መምህሩ ቀሰሩ። «ደግሞ አንተ ማንን ትመክራለህ? ከገባሁ ጀምሮ ያን ስልክ ታገላብጠዋለህ። ያንተን ሞርሳ የሚፈታው ማን ነው?»

መምህሩ ቀላ። እሱ ራሱ የተፈተነውን ፈተና ውጤት እየጠበቀ እንደሆነ አውቃለሁ።

«እውነትዎን ነው» አለ። «ማወቅና መኖር ለየቅል ናቸው። ስመለከተው ውጤቱ የሚፈጥን ይመስለኛል።» ስልኩን በስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ከቶ ዘጋው። አጎቱ ይህን ሲያዩ ድምፃቸው ትንሽ ረገበ።

«እኔ እኮ ክፋት ኖሮኝ አይደለም» አሉ። «በልጅነቴ የሠራሁት ወንበር ሰው ተቀምጦበት ተሰበረ፤ ገበያው ሁሉ ሳቀብኝ። እሷ ላይ እንዳይስቁ ብዬ ነው።»

«እንዳይስቁባት ብለው፣ እርስዎ ቀድመው አስለቀሷት።»

ጋሽ አንዴ ልየው ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጡ።

ዝናቡ ሲያባራ ከግድግዳው ማዶ በር ተከፈተ። ጠረጴዛ ተጎተተ፤ ከዚያ የመፋቂያ ድምፅ ተሰማ። ልጅቱ ተመልሳ የተበላሸውን ኮላ እየፋቀች ነበር። አባትየው ዘለው ተነሡ።

«በመሮ ከሆነ ጠርዙን ትጎዳዋለች! ሄጄ ልንገራት።»

እኔ በሰው ጨዋታ መግባት የምደፍር አይደለሁም። ያን ቀን ግን፣ «ጋሼ፣ ጠራችዎት?» አልኩ።

አዩኝ። መልሰው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያላየ ሰው፣ አለመነሣት ምን ያህል ከባድ ሥራ እንደሆነ አያውቅም። እግራቸው ወለሉን ይደበድባል።

«ዝም አለች። ለምን ዝም አለች?»

«እየሠራች ይሆናል» አለ መምህሩ።

አንድ ነገር ወድቆ ተንኳኳ። የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨበጡ። እሷ ወዲያ ለብቻዋ ሳቀች፤ የወደቀውን አንሥታ ሥራዋን ቀጠለች። አባትየው ያን ሳቅ ሲሰሙ አንገታቸውን ደፉ። «እኔ እያለሁ ዕቃ ሲወድቅባት ትደነግጥ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። የዚያን ዕለት በአናጢ ቤታቸው በኩል ሳያልፉ ወደ ቤታቸው ገቡ።

በማግሥቱ መምህሩ ሱሪውን ሊወስድ መጥቶ፣ ጋሽ አንዴ ልየውም እኔ ዘንድ ተቀምጠው ሳለ፣ ልጅቱ እንደገና አጣብቃ ያሰረችበትን ሞርሳ ራሷ ፈታችው። በሩ ይዟል። ጥቂት ቆይታም ግድግዳውን ደበደበች።

«አባዬ! እዚያ መሆንህን አውቃለሁ። ና በሩን ያዝልኝ፤ ማጠፊያውን ልምታው።»

ሄዱ፤ እኔና መምህሩም ተከተልናቸው። በሩን በሁለት እጃቸው ደገፉ።

«ከፍ ላድርገው?» አሏት።

ልጅቱ መዶሻዋን ይዛ ቆመች። አባቷ እንዲህ ብለው ጠይቀዋት አያውቁም።

«ትንሽ» አለች። «በቃ፤ እዚያው።»

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህ የመንገድ ትምህርት ሥራ ፍቱ አይልም። የሚጠቅመው ግን ለብዙ ነገር ነው። ኮላ እንዲይዝ ይተዉታል፤ ሥራ ሁለት ጊዜ አይሠራም። ልጅ ተሳስታ ትማራለች፤ የተማረችውም የራሷ ይሆናል። አባትም ያርፋል። ጋሽ አንዴ ልየው አሁንም ያርፋሉ ማለት አልችልም፤ እግራቸው ዛሬም ወለሉን ይደበድባል። ሆኖም «ይህን እንዴት ላድርገው?» እያለች የምትጠይቃቸው ልጅ አግኝተዋል፤ በግድ ሲነግሯት አንድ ቀን እንኳ ጠይቃቸው አታውቅም ነበር።

ሰኞ ጠዋት፣ ልጅቱ እሄዳለሁ ባለችበት ቀን፣ ቤቴን ስከፍት ከግድግዳው ማዶ የመጋዝ ድምፅ ሰማሁ። አባትየው ናቸው ብዬ ሳስብ፣ እሳቸው በመንገዱ ማዶ ቀስ ብለው ሲመጡ አየኋቸው።