ያለ ጥፋታቸው የተዘጋባቸው ዶሮዎች

ቡራዩ እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ፣ ያውም አመሻሽ ላይ ነው። ስለዚህ ከሥራ ስገባ ጎማዬን ሰክቼ ሰላጣዬን ጥግብ አድርጌ አጠጣለሁ። አንድ ቀን ጠዋት ሳየው ቅጠሉ ተበሳስቶ ወንፊት መስሏል። የጎረቤቴን የኦቦ ገመቹን ዶሮዎች ጠረጠርኩና በአጥሩ በኩል፣ «ኧረ ዶሮዎችዎን ይሰብስቡልኝ!» አልኳቸው። ወዲያው ሰብስበው ቤት ዘጉባቸው። ሰላጣው ግን ጭራሽ ባሰበት።

በሳምንቱ ጠዋት «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ» ብለው ራሳቸው መጡ። የሰላጣው መደብ ዳር የተጋደመችውን ጣውላ ገልበጥ ሲያደርጓት፣ ዛጎል የሌላቸው ቀንድ አውጣዎች ከሥሯ ተለጣጥፈዋል። «ዶሮዎቼ እነዚህን ነበር የሚለቅሙልሽ» አሉኝ። «አመሻሽ ላይ አፈሩን ስታረጥቢው፣ ቀንድ አውጣዎቹ በእርጥቡ ላይ ሰላጣሽን ሲበሉ ያድራሉ። ማታ በርሜልሽን ሙዪና ጠዋት በጣሳ ከሥር ከሥሩ አጠጪ፤ እስኪመሽ ላዩ ይደርቃል።»

እንዳሉኝ አደረግኩ፤ ሰላጣው ዳነ። አንድ እቅፍ ቆርጬ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩና፣ «አሁንማ ዶሮዎቹን ይልቀቋቸው» አልኳቸው።

«ተዘግቶባቸው ከሚከሱ ብዬ ቅዳሜ ገበያ ሸጥኳቸው እኮ፣ ልጄ» አሉኝ።

ሰላጣውን ተቀብለው መረቁኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።