ድስቱ ወዲያ፣ ክዳኑ ወዲህ

የተከበሩ መጋቢያችን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን የስንብት ምሳ ያዘጋጀልኝን የአንድነት ኮሚቴ አመሰግናለሁ። ቀጥዬም በዚሁ ቀን፣ በዚሁ ሰዓት፣ በዚሁ አዳራሽ ሌላ የስንብት ምሳ ያዘጋጀልኝን ሁለተኛውን የአንድነት ኮሚቴ አመሰግናለሁ። ሁለት ቦታ የሚሸኝ ሰው ወይ በጣም ተወዷል፣ ወይ ቶሎ እንዲሄድ ተፈልጓል። እኔ የመጀመሪያውን ይዣለሁ።

መሃል ላይ የቆምኩት ለማማር አይደለም። አዳራሹን ለሁለት የሚከፍለው ተንሸራታች ግድግዳ ዛሬ የተከፈተው እኔን ለማሳለፍ ያህል ነው። ወደ ቀኝ ብጠጋ ግራዎቹ ይቀየሙኛል፣ ወደ ግራ ብጠጋ ቀኞቹ። ስለዚህ አንድ እግሬ እዚህ፣ አንድ እግሬ እዚያ ነው። ጉልበቴን ታውቁታላችሁ፤ ንግግሬ አይረዝምም።

ለአዲሶቹ ባልደረቦች ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። እኔ የዚህች ቤተ ክርስቲያን አዳራሽና ኩሽና ኃላፊ ነኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ነበርኩ። ታናሽ እህቴ ምግብ አብሳያችን ናት። ድሮ ከአምልኮ በኋላ ሁላችንም እዚህ አብረን እንበላ ነበር። ሹፌሩ ከሐኪሙ ጎን፣ ተማሪዋ ከባልቴቷ ጎን። ሳቃችን መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። አንድ ቀን ጎረቤት መጥቶ ጥበቃችንን "ሠርግ አለ እንዴ?" ብሎ ጠየቀው። "የለም፣ እሑድ ነው" አለው። ያ ጎረቤት ዛሬ የመዘምራን መሪያችን ነው።

ታዲያ ምን ጎደለን? ኮሚቴ! ያን ያህል ደስታ ያለ ኮሚቴ መሄዱ አንዳንዶችን አሳሰባቸውና የአንድነት ኮሚቴ ተቋቋመ። በመጀመሪያው ስብሰባ በሁሉም ነገር ተስማሙ። በሁለተኛው ላይ አንድ ወንድም እጁን አወጣ፤ "ለመሆኑ ለምግቡ የምንጸልየው ድስቱ ተከፍቶ ነው ወይስ ተከድኖ?"

እግዚኦ! ይህን ሳናውቅ ነው ያን ሁሉ ዘመን የበላነው?

እህቴ ማማሰያዋን እንደያዘች ከኩሽና ብቅ አለችና "ኧረ ተከድኖ ይጸለይ፣ ይበርዳል" አለች። ምስኪን፣ እሷ ስለ ምግቡ ነበር የምታወራው። እነሱ ግን አቋም ነው ብለው ያዙላት። እኔም ለጨዋታ ያህል "ተከፍቶ ይሻላል፣ ሽታው ሲወጣ ጸሎቱ ያጥራል" አልኩ። ሰዉ ሳቀ። እህቴ በእሷ የተሳቀ መሰላት፣ የእኔም ቀልድ አቋም ሆኖ አረፈው።

ኮሚቴው ለሁለት ተከፈለ። ሁለቱም የአንድነት ኮሚቴ ይባላሉ፤ ስሙን የሚለቅ ጠፋ። ቀጥሎ የኩሽናው ዕቃ ክፍፍል መጣ፤ በፍቅር፣ በጸሎት፣ ያለ አንዳች ጭቅጭቅ። መጋቢያችን "እንዳንበዳደል የላይኛው መደርደሪያ ለአንዱ፣ የታችኛው ለሌላው ይሁን፤ ዕጣ ይጣል" አሉ። መጋቢያችን የነፍስ እረኛ ናቸው፣ ኩሽና ገብተው አያውቁም። በላይኛው መደርደሪያ ላይ የነበሩት ክዳኖች ናቸው። በታችኛው ድስቶቹ።

አትሳቁ፣ ገና ነው። "ተከድኖ ይጸለይ" ለሚሉት ድስቶቹ ደረሷቸው፣ ያለ ክዳን። "ተከፍቶ ይጸለይ" ለሚሉት ክዳኖቹ ደረሷቸው፣ ያለ ድስት። "ኧረ እባካችሁ ተቀያየሩ" ብል፣ "እህታችን፣ ዕጣው የተጣለው በጸሎት ነው" ተባልኩ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ፣ ወዲያ ያሉት ድስቱ ላይ ትሪ ደፍተው ይጸልያሉ። ወዲህ ያለነው ከየቤታችን በቋጠርነው ላይ እንጸልያለን፤ ክዳኖቹን ግድግዳ ላይ ሰቅለናቸዋል። እንግዳ ሲመጣ "ጌጥ ነው?" ይለናል። "አዎ፣ ጌጥ ነው" እንላለን።

እኔና እህቴም ከዕቃው ጋር አብረን ተከፋፈልን፤ እሷ ከድስቱ ጋር፣ እኔ ከክዳኑ ጋር። በአንድ እናት ጀርባ የታዘልን፣ አንዳችን ስንከትፍ ሌላችን ስናማስል የኖርን ሰዎች ነን። የሳምንት ኩርፊያ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሰላምታዋ በመጋቢ በኩል ይመጣልኝ ጀመር፤ "እህትሽ በጌታ ሰላም ብላሻለች።" በጌታ መሆኑስ መልካም ነው፤ ግን ግድግዳው እኮ ስስ ነው፣ ስታስል እሰማታለሁ። የከበደኝ ጡረታው አይደለም። ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ እንኳ ከእሷ ጋር ሳልበላ ከዚህ ቤት መውጣቴ ነው።

ስጦታዎቻችሁ ደርሰውኛል። ሁለቱም ኮሚቴዎች የግድግዳ ሰዓት ሰጥታችሁኛል፤ ስለ እኔ አንድ ዓይነት ማሰባችሁ ደስ አሰኝቶኛል፣ ሰዓቶቹ ግን አይስማሙም።

ቁልፎቹን ለተተኪዬ አስረክቤያለሁ። ያላስረከብኩት ይህን በእጄ የያዝኩትን የትልቁ ድስት ክዳን ብቻ ነው። ጠዋት ከግድግዳው ላይ ሳወርደው ሰብሳቢያችን "ወዴት ነው?" አሉኝ። "አቧራ ጠጥቷል፣ ላጥበው" አልኳቸው። ታጥቧል። ትልቁ ድስት ደግሞ ያውላችሁ፣ ከወዲያ፣ እህቴ ፊት። እንፋሎቱ በትሪው ጎን እያመለጠ ነው።

እህቴ፣ አታቀርቅሪ። እምቢ እንዳትዪኝ ብዬ ነው ሰው ፊት የምጠይቅሽ። ክዳኑን ይዤ ልምጣ ወይስ ኮሚቴ ይሰብሰብልን?

ምን አልሽ? ጮክ በይ፣ ከኋላ ያሉት አልሰሙም።

"ወሬሽን ጨርሺና ነይ፣ ይበርዳል!"

ሰማችኋት? በመጋቢ በኩል አይደለም እኮ። ለእኔ ነው የተናገረችው! ቆይ፣ ዓይኔን ልጥረግ።

በሉ ልመርቃችሁ። መጋቢያችን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፤ ኩሽና ጎራ የሚሉበት ጊዜም አይጥፋ። ሁለቱ ሰብሳቢዎች፣ አጀንዳ ይጥፋባችሁ። የቀራችሁት ሁሉ፣ ስታስነጥሱ "ይማርህ" የሚል ከጎናችሁ አይጥፋ፤ ሳቃችሁም ዳግመኛ ጎረቤት ያስጠይቅ። ስለ ጸሎቱ አትጨነቁ። ድስቱን ስከድነው አንደኛው ኮሚቴ ይጸልይ፣ ስከፍተው ሁለተኛው። ሁለቴ ቢባረክ ምግቡ አይከፋውም።

ጥበቃዬ፣ ወንድሜ፣ እስኪ ይህን ግድግዳ እስከ ጥግ ድረስ ግፋልኝ። እኔ እጄ ተይዟል።