ታብሌታችን ነጻ የወጣች ሰሞን

ግቢ ሲስተር፣ ግቢ። ደረጃዋን ልብ በይ፤ የላይኛዋ ትነቃነቃለች። ሁለቴ በሚስማር መትቻታለሁ፣ ግን አሁንም አላምናትም። እዚህ ተቀመጪ። ቆይ፣ ቆይ… መርፌ ተሰክቶበት እንዳይሆን ልዳብሰው። ደህና ነው። ባለቤቴ ለጋዋንሽ ቁልፍ ፍለጋ ወጥታለች፤ አምስቱን አግኝታ ስድስተኛው ጠፍቶባት ነው። ትመጣለች። ዛሬ ማክሰኞ ነው አይደል? ረቡዕ ነው? አየሽ፣ እንዲህ ሆኛለሁ። ቀን ይምታታብኛል፣ ቁጥር ይምታታብኛል። ስለዚህ ሳወራ ዝርዝሩ ላይ ብስት አትፍረጂብኝ።

ሥራ እንዴት ነው? እናቶቹ ደህና ናቸው? መቼም የአዋላጅ ሥራ ዕረፍት የለውም፤ ሕፃን ቀጠሮ አራዝሙልኝ አይል። ቦርሳሽን ጭንሽ ላይ ያዝሽው እኮ፣ ጠረጴዛው ላይ አድርጊው፣ ንጹሕ ነው። ከባድ ነው? ምን አለበት? ታብሌት? «ጋዋኑ ተሰፍቶ እስኪያልቅ አዲስ ሲስተም እጭንልሻለሁ፣ ይዘሽ ነይ» ተብለሽ ነው? በአንድ ሰው?

እሰይ። ታድለሻል።

ከመጋረጃው ጀርባ የሚንኳኳው? ምንም አይደለም። ልብስ የሚለካ ሰው ይሆናል… ወይም ገመድ የሚፈታታ። ጆሮዬም እንደ ድሮው አይደለም፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ የማወራው ለዚያ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

እኔ ስለዚያ ሰው ክፉ አልናገርም። ባለቤቴም ስትወጣ «አደራህን፣ አንዲት ክፉ ቃል እንዳይወጣህ» ብላኝ ነው የወጣችው። ሊቅ ነው። የልጄ ባል ነው አልኩሽ? አላልኩም። የማንም ባል ይሁን፤ ሊቅ መሆኑን ግን ማንም አይክድም። እሱ ራሱ እንኳ አይክድም።

እኛም ታብሌት ነበረችን። ልጆቻችን አዋጥተው ነው የገዙልን። ርካሽ ናት፤ ጀርባዋ ላይ የታወቀ ስም የሚመስል፣ ጠጋ ብለሽ ስታነቢው ግን አንድ ፊደል የጎደለው ስም ተጽፎባታል። ቀርፋፋ ነበረች፣ አልዋሽም። ፎቶ ክፈቺ ስትያት አስባበት ነበር የምትከፍተው። እኔ ነካ አደርጋትና ውሃ ልጠጣ እሄዳለሁ፤ ስመለስ ከፍታ ትጠብቀኛለች። ተስማምተን ነበር የምንኖረው። ባለቤቴ የትምህርት ቤቱን ዩኒፎርም ስትሰፋ የልጆቹን ልክ የምትይዘው በእሷ ነው። ወገቡ፣ ትከሻው፣ እጅጌው፣ የስልሳ አንድ ልጅ ልክ ከነፎቷቸው። ስልሳ አንድ ይሁን ስልሳ ሦስት… ስልሳ አንድ ነው።

አንድ እሑድ ሰውዬው ምሳውን በላና ታብሌቷን አገላብጦ አያት። አንቺ በሽተኛ እንደምታዪው አይደለም፤ አንቺ መጀመሪያ «ምን ያምሻል?» ብለሽ ትጠይቂያለሽ። እሱ አልጠየቀም። ሊቅ ምን ይጠይቃል? «እማማ፣ ይቺ እኮ ታስራለች» አላት ባለቤቴን። ደነገጥን። ማን አሰራት? «የሠራት ድርጅት ነዋ! በማይረባ ነገር አጭቆ፣ ቆልፎ ነው የሸጠላችሁ። እኔ ነጻ አወጣታለሁ።» ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ጅግራ ናት ይሏታል ይባላል። የእኛዋን ግን እስረኛ ናት አሏት… ለደግነት ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።

የሚጭነው ሲስተም ኮዱ ክፍት ነው፣ የዓለም ሰው ተባብሮ የሠራው ነው፣ ማንም ከፍቶ ሊያየው ይችላል አለን። እኔ ፈሪ ነኝ፣ ታውቂኛለሽ። «የልጆቹን ወገብም ማንም ያየዋል?» አልኩት። ሳቀ። ደግ ሳቅ ነው፤ አራተኛ ክፍል ላይ ለቆመ ሰው የሚሳቅ ዓይነት። ሲስተሙስ እውነት ለመናገር ግሩም ነው ይላሉ። ሰዓት ሠሪው ጎረቤታችን አሮጌ ኮምፒዩተሩ ላይ አስጭኖት እንደ ውሃ ይሄድለታል። ጥፋቱ የሲስተሙ አይደለም። ጥፋቱ… ጥፋት አለ ያለሽ ማን ነው? እኔ አላልኩም።

«ከመጀመርህ በፊት ያለውን ገልብጠህ አስቀምጥልኝ» አለችው ባለቤቴ። እሷ ድሮ ፈሪ አልነበረችም፤ ሠላሳ ሰባት ዓመት ከእኔ ጋር ስትኖር ተጋብቶባት ነው። «እማማ፣ ጀማሪ መሰልኩሽ?» አላት። እውነቱን ነው፣ ጀማሪ አይመስልም። ጀማሪ ይፈራል። ቁጭ ብሎ የልጆቹን ልክ፣ ፎቷቸውን፣ አንዱንም ሳያስቀር ገለበጠ። ለብቻው ማህደር ከፈተለትና «በጣም አስፈላጊ» ብሎ ጻፈበት። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አይቼ አላውቅም። ማህደሩን የት እንዳስቀመጠው አልጠየቅሁም። ሊቅ አይጠየቅም።

ከዚያ በገመድ ከኮምፒዩተሩ ጋር አገናኛትና መቆለፊያዋን ሊፈታ ተነሳ። ታብሌቷ ላይ ረጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጣ። እኔ ጽሑፍ ሲረዝም አላምነውም። «ምን ይላል?» አልኩት። «የተለመደ ማስፈራሪያ ነው፣ አባባ» አለኝና ይሁን የሚለውን ተጫነው። ሰዓት ሠሪው ነው በኋላ የነገረን፤ ጽሑፉ «እኔ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ እርግጠኛ ነህ?» ነበር የሚለው። ሰውዬውም እርግጠኛ ነበር። ይሄን ማን ይነሳዋል? እኔ ምድጃ ማጥፋቴን ሦስቴ ተመልሼ የማይ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ እርግጠኛነት ሳይ እቀናለሁ።

ሲስተሙን ሊጭን ሲል የእኛ ታብሌት ስም ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያቆማል። እሱ ግን የሚቀራረብ ስም ፈልጎ አገኘ። «ይቺ እህቷ ናት፣ ይሆናታል» አለ። አንቺ መቼም ነርስ ነሽ፣ ለአንዷ እህት የታዘዘውን መድኃኒት ለሌላዋ… እሺ፣ እሺ፣ ተውኩት።

አመሻሹ ላይ ተነሳች! እውነት ነው፣ ተነሳች። ፈጣን ሆነች፣ ሥዕሏም ያምራል። አንዲት ነገር ብቻ። ግራዋን ስትነኪያት ቀኟ ይከፈታል፤ ላይዋን ስትነኪያት ታችዋ ይከፈታል። ድምፅ የላትም። ካሜራዋም ሰውን ዘቅዝቃ ነው የምታሳየው። «ይሄ የታወቀ ችግር ነው፣ ብዙ ሰው ኢንተርኔት ላይ ጽፎበታል» አለን። እንዴት ተጽናናን መሰለሽ! የሚያስፈራውስ የማይታወቅ ችግር ነው። «እስከዚያው በተቃራኒው እየነካችሁ ተጠቀሙባት፣ ትለምዱታላችሁ» አለ።

«እሱ ይቅር፣ የልጆቹን ልክ መልስልኝ» አለችው ባለቤቴ። «ይኸው፣ ከግልባጩ አመጣዋለሁ» አለና ኮምፒዩተሩን አየ። ኪሱን አየ። ጠረጴዛው ሥር አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ታብሌቷ ዞረ። እኛም አብረን ዞርን። ሲስተር፣ የገለበጠው እዚያው ታብሌቷ ላይ ነበር። ቤት ሊያቃጥል የተነሳ ሰው ዕቃውን ከሳሎን አውጥቶ መኝታ ቤት እንደሚያስቀምጠው። ደግሞም እኮ አልተሳሳተም፤ አስቀምጥልኝ ነው የተባለው፣ አስቀምጧል። የት የሚለውን ያልተናገርን እኛ ነን።

አትሳቂ፣ ይሰማል… ማለቴ፣ ሰፈሩ ይሰማል።

ባለቤቴ ግራና ቀኙን ለመደችው። አሥራ አንድ ቀን ቀኝ ስትፈልግ ግራ፣ ላይ ስትፈልግ ታች እየነካች ከረመች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ለአንድ ሸሚዝ ሁለት የግራ እጅጌ ቆረጠች። ስንት ዓመት ስትሰፋ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ቁጭ ብላ ሳቀች፣ ሳቀችና አለቀሰች። እኔ ጨርቁን አጥፌ ደበቅሁት። ሰውዬው ሲሰማ «አየሽ እማማ፣ አእምሮሽ ምን ያህል ቶሎ እንደሚማር!» አላት። ከሁሉም ነገር በጎ በጎውን ነው የሚያየው።

ልኩስ? ልኩማ ሄደ። ትምህርት ሊከፈት ዘጠኝ ቀን ሲቀረው እሷ ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ እኔ ደብተር ይዤ የስልሳ አንድ ልጅ ቤት ዞርን። «ባለፈው ለካችሁን አይደል እንዴ?» ይላሉ ልጆቹ። «አድጋችኋል» እላቸዋለሁ። ምን ልበል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል ነበር። እዚህ ቤት ግን የቸኮለው ሌላ፣ የለቀመው ሌላ። በዚያ ሰሞን ሰውዬው መንገድ ላይ አገኘንና ደብተሬን አይቶ አዘነልኝ። «አባባ፣ ወረቀት ላይ መጻፍ እኮ አደጋ አለው፤ ቢጠፋባችሁስ?» አለኝ። አሳቢ ነው።

አራቱን ልጆች ቤታቸው አጣናቸው፣ በግምት ሰፋንላቸው። የአንዱ ሱሪ ብብቱ ድረስ መጣ። ትምህርት በተከፈተ ቀን ዳይሬክተሩ ባለቤቴን የትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኛት። ልጁን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ። ያቺ አስተያየት… ተይኝ። ከዚያ ወዲህ በዚያ በር ስታልፍ ሰላም የሚላት ሳትጠብቅ ነው የምታልፈው።

የአንቺዋ ታብሌት እንግዲህ… ምን እንዳለባት አልጠይቅሽም። የእናቶቹ ነው? የስንት እናት? የአርባ? የሚወልዱበት ቀን፣ የደም ግፊታቸው፣ መንታ ያረገዘችው፣ ሁሉም? ሌላ ቦታስ ጽፈሽዋል? አልጻፍሽውም… እሱ ይገለብጥልኛል ብለሽ። ይገለብጥልሻል! በመገልበጥማ አቻ የለውም።

የእኔም ልጅ እዚያ ውስጥ አለች፣ አይደል? ሰባት ወሯ ነው፣ የመጀመሪያዋ ነው። የደም ግፊቷ ከፍ ብሏል ብለሽ ሁለቴ አስጠርተሻታል። እኔ ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ ቸግሮኛል… በእሷ አይደለም፣ የሽማግሌ ነገር ነው። «ነገ ትምጣ» የምትለውን ታብሌት ግራዋን ነክተሽ ቀኟ ቢከፈትስ ምን ይሆናል? የእሷ ቀን ለሌላ ሴት፣ የሌላዋ ቀን ለእሷ ቢደርስስ? የታወቀ ችግር ነው፣ ተጽፎበታል። ሕፃኑ ግን ማንበብ አይችል…

ምነው ቦርሳሽን ዘጋሽው? ዚፑንም? ኧረ እኔ ምን አልኩ! አንዲት ክፉ ቃል ወጣኝ? ቁጠሪልኝ እስቲ። ታስቀይሚዋለሽ እኮ፣ ኮምፒዩተሩን ከጠዋት ጀምሮ አብርቶ ነው የሚጠብቅሽ። እስቲ ንገሪኝ፣ ታብሌትሽ አሁን ትሠራለች? ትንሽ ትዘገያለች? ትዘግይ። የዘገየ ይመጣል።

የእኛዋ የት ደረሰች አልሽኝ? «አንዲት ፋይል ብቻ ናት የቀረችኝ» ብሎ ወደ ቤቱ ወሰዳት። ወሬዋን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ባለፈው ቅዳሜ ነው። ልጄ ደውላ «አባዬ፣ ጥቁር ሆና ነጭ ጽሑፍ ታወርዳለች፤ እሱ ፊቷ ቁጭ ብሎ ‘መጣች፣ መጣች’ ይላል» አለችኝ። ልጄ እዚያ ቤት ምን ትሠራለች? … እንግዲህ ጎረቤት ሆና ይሆናል። ከቅዳሜ ወዲህ የሰማሁት የለም።

ኦ! መጋረጃው ተከፈተ። ና ልጄ፣ ና። ገመድህንም ይዘህ መጣህ? ሲስተር ዛሬ ቸኩላለች፣ ሌላ ጊዜ ትላለች። ምን እናወራ ነበር? አንተን ስናመሰግን ነዋ! ፊትህ ምነው ቀላ? ውስጡ ይሞቃል፣ መስኮት የለውም። ና ጎንበስ በል ልመርቅህ፣ ከልቤ ነው።

እደግ ተመንደግ ልጄ። እጅህ አይዛል። ሚስትህን በሰላም ያገላግልልህ፤ የሲስተር መዝገብ ይጠብቃት። ልጅህን ፈጣሪ አሟልቶ፣ የሚፈታ የሚጨመር ሳያስቀር ይስጥህ። አንተም ታቅፈህ፣ ስመህ፣ እንደመጣ ለእናቱ መልሰህ ስጣት። አሜን በል እንጂ!