የአልታየች ዓይንና የአያ ዘርአ ዳዊት ጎመን

እስቲ ጸጥ በሉልኝ! ብርሌውን ያዙት እንጂ ገና አትጨልጡት፤ ወሬዬን ሳልጨርስ ጠጁ እንዳያልቅ።

አያ ዘርአ ዳዊት ከደብረ ብርሃን መጥተው፣ እዚህ አንኮበር፣ ጌታችን ግቢ፣ አትክልተኛ ሆነው አትክልት ቦታው የገቡ ዕለት ትዝ ይላችኋል? በማለዳ አጥሩን አልፈው ጎንበስ አሉና «እንደምን አደራችሁ?» አሉ። እኛም ደንግጠን ብድግ ብለን «እግዚአብሔር ይመስገን! እንደምን አደሩ?» አልን። ለካ ሰላምታው ለጎመኑ ኖሯል! እኛንማ ያዩን ረፋድ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲያ መከራችንን አየን። ጣት አፈር ውስጥ ሰዶ ሳያዩ ውሃ ማጠጣት ክልክል። መደቡ አጠገብ ቆሞ ማውጋት ክልክል። «ጥላህን አንሣ!» ይላሉ። ለእኛስ ይሁን፤ የግቢው አዛዥ ገብረመንፈስቅዱስ ካባቸውን ደርበው ቢመጡ እንኳ «ጌታዬ፣ ጥላዎን ያንሡልኝ፤ ቅጠሉ ምሳውን እየበላ ነው» ብለዋቸው አረፉ። አዛዥ፣ አሁን ይሣቃሉ፤ ያን ቀን መች ሣቁ!

ወደ እኔ ጉድ ልምጣ። ስሜ አልታየች ነው፤ ዓይኔ ግን ታየብኝ። አንድ ቀን አዲሱን የጎመን ችግኝ አይቼ «ውይ ሲያምር!» ብዬ አለፍኩ። እንትፍ እንትፍ ማለቱን ረሳሁት። በነጋው አንዳንዱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ተገኘ። «አልታየች በዓይኗ በላችው» ተባለና እኔ እንዳላየው መደቡ ሁሉ እንቅብ ተደፋበት። ችግኙ ይብስ ነጣ፤ እነሱም ይብስ ሸፈኑት። በመጨረሻ ከግቢ ትባረር ተባለ። ልጆቼን ይዤ የት እንደምገባ ጨንቆኝ ነበር።

ያኔ አያ ዘርአ ዳዊት «ቆይ፣ ሰው ከማባረራችን በፊት ጎመኑን እንጠይቀው» አሉ። አንድ ዓይነት ዘር፣ በአንድ ዓይነት አፈር፣ በሁለት መደብ ዘሩ፤ ውሃውንም እኩል አጠጡ። ሲበቅል አንዱን በእንቅብ ከደኑት፤ ሌላውን ገልጠው ተዉትና እኔን ጠሩኝ።

«ነይ አልታየች፣ ጠዋት ጠዋት እዚህ ተቀምጠሽ አፍጥጪበት!»

«ቢደርቅስ?»

«ከደረቀ ትሄጃለሽ። ግን ጥላሽን አንሺ!»

አፈጠጥኩ። እያለቀስኩ ሁሉ አፍጥጫለሁ። ያፈጠጥኩበት ጎመን ለምልሞ መደቡን ሞላው። ዓይኔ ያላረፈበት፣ እንቅብ ሥር ያለው፣ ነጥቶና ቀጥኖ ተገኘ። እንቅቡ ሲነሣለት ደግሞ እሱም ውሎ አድሮ አረንጓዴ ሆነ። «አያችሁ? የጎደለው ብርሃን ነው» አሉ አያ ዘርአ ዳዊት። «ቅጠል ብርሃን ካላገኘ ውሃና አፈር ብቻውን አያጠግበውም፤ ጦሙን ነው የሚያድር።» አዛዥም ከዚያ ወዲያ የመባረሬን ነገር አላነሡም።

አያ ዘርአ ዳዊት፣ ልጆቼ እዚህ ግቢ ያደጉት በአንቱ ነው። ሰው ሁሉ ፊቱን ሲያዞርብኝ አንቱ ብቻ ዓይን ዓይኔን እያዩ አናገሩኝ። እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ሰላ ድንጋይ ልጅዎ ዘንድ ሊጦሩ ነው፤ ደስ ብሎኛል፣ ሆዴም ባብቷል። እዚያም ጎረቤቱን ሁሉ ከፀሐይ ሲያባርሩ ይታየኛል።

በሉ፣ ብርሌ አንሡ! ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎ፤ ጓሮዎ ይለምልም። እናንተ ደግሞ ከፊታቸው ዞር በሉ፤ ጥላችሁን አንሡልኝ፣ ደኅና አድርጌ ልያቸው።

ውይ ሲያምሩ! እንትፍም አልልም።