መድን ያለው በቆሎ፣ መድን የሌለው ገበሬ

በአሜሪካ፣ በዊስኮንሲን ግዛት፣ የወተት ላም አርቢው አቶ ኦርቪል ሃውገን ከመኖ መደብሩ ደጃፍ ከረጢት ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ ማሪት ደረሰች። ማሪት የጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ ተምራ ተመልሳ፣ በወረዳው ጤና ቢሮ ለሰዎች የጤና መድን ቅጽ ትሞላለች።

«ጋሽ ኦርቪል፣ ምነው ደረትዎን ያዙት?»

«ሸሚዜን ነው የያዝኩት። ቁልፉ ላልቷል።»

«ሐኪም ይዩት እንጂ!»

«አሳያለሁ። ስልሳ አምስት ሲሞላኝ መንግሥት ለሽማግሌ የሚሰጠውን መድን አገኛለሁ። የቀረኝ ሁለት ዓመት ነው። ያኔ ደረቴንም፣ ጉልበቴንም፣ ይህን ደንቆሮ ጆሮዬንም ባንዴ አስጠግናለሁ!»

«ደረትዎ የልደት ቀንዎን ያውቃል?»

በዚያ አካባቢ ስልሳን ያለፈ ገበሬ ሁሉ ለሕመሙ እንዲህ ቀጠሮ ይሰጣል። ሕመሙ ግን ቀጠሮውን አይሰማም።

«እኔስ ምን ላድርግ ልጄ? የዛሬ አሥር ዓመት ብጠይቅ የነገሩኝ ዋጋ ከመሬት ኪራዩ ይበልጣል። ላሞቼን ልሽጥ?»

«ያኔ እውነትዎን ነው። ዛሬም ውድ የሚሆንበት ሰው ሞልቷል፤ አልዋሽዎትም። ግን እንደ እርስዎ ገቢው ያነሰ ሰው ከሆነ መንግሥት ከክፍያው ይጋራል። ወተቱ ዘንድሮ ምን እንደሰጠዎ አውቃለሁ፤ አባቴም ያንኑ ነው የሚያለቅሰው። ምዝገባው ደግሞ በዚህ ሳምንት ያልቃል።»

«ምጽዋት በይኛ! ሃውገኖች እጃችንን ዘርግተን አናውቅም።»

ማሪት ፈገግ አለች። «አምና በረዶ የመታው በቆሎዎ መድን ነበረው?»

«እንዴታ! ያለዚያ ማን ይዘራል?»

«ከመድኑ ክፍያ መንግሥት ስንቱን ቻለልዎ?»

አቶ ኦርቪል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ግማሹን... አለፍም ይላል።»

«ታዲያ አፈሩ?»

«ለምን አፍራለሁ? ግብር የምከፍል ሰው ነኝ!»

«ይኸኛውም ከዚያው ግብር ነው። በቆሎው ሲቀበል ያላፈረውን ባለቤቱ ምን ያሳፍረዋል? ላምዎ ብታስል የእንስሳት ሐኪሙን ወዲያው ይጠራሉ።»

«ላሟ ወተት ትሰጣለች። እኔ ምን እሰጣለሁ?»

«እርስዎ ባይኖሩ ማን ያልባታል?»

አቶ ኦርቪል የመጨረሻውን ቃል ለሌላ ሰው መተው የማይወዱ ሰው ናቸው። «ሁለት ዓመት ቶሎ ያልፋል!» አሉ፤ እሺ ማለት አልመጣላቸውም።

ይህን ጊዜ ባለቤታቸው አርሊስ መስኮቱን ከፍተው ሲሰሙ ከቆዩበት መኪና ወረዱ።

«ማሪት፣ የእኔንም ስም ጻፊ።»

«አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ?» አሉ አቶ ኦርቪል።

«ጡቴ ላይ እብጠት ወጥቷል። ሦስት ወሩ።»

«ሦስት ወር! ሳትነግሪኝ?»

«አንተ ደረትህን ይዘህ ስትጠብቅ እኔ በምን አፌ ልቅደምህ ልበል? ቆጥሬዋለሁ። ለእኔ የቀረኝ ስድስት ዓመት ነው።»

አቶ ኦርቪል ከከረጢቱ ላይ ተነሡ። ትንፋሻቸው ማጠሩንም ረሱት። «ቅጹ የት ነው ያለው?» አሉ።

በዚያው ቀን ተመዘገቡ። መድኑ እንደጀመረ የአቶ ኦርቪል ሐኪም የጠበበውን የልብ ደም ሥር ከፈተላቸው። የአርሊስ እብጠት ክፉ ነበር፤ ግን ሳይዛመት ተደርሶበት ወጣ፣ ዛሬ ደህና ናቸው። ወርሃዊው ክፍያ ይቆነጥጣል፤ አቶ ኦርቪልም በየወሩ ሳያጉረመርሙ አይከፍሉም። ሆኖም ላሞቹ አልተሸጡም፣ መሬቱም በእጃቸው ነው፤ ቁርሳቸውን የሚበሉትም እንደ ድሮው ለሁለት፣ እየተነታረኩ ነው።

አሁን አቶ ኦርቪል «ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ» የሚል ገበሬ ሲያጋጥማቸው ስለ ዋጋና ስለ ግብር ከመተንተናቸው በፊት አንድ ነገር ይሉታል፦ «አንተ ብትፈልግ ጠብቅ። ግን መጀመሪያ ቤትህ ግባና ሚስትህን ስንት ዓመት እንደቀራት ጠይቃት።»