አርባ ሰው የተሸከመው ምሰሶ

በእኛ ጊዜማ ልጆቼ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሠራው በትከሻ ነበር። ከጭሮ ወደ ቦኬ ሲወጣ ጉብታው ላይ ያለችውን የሉተራኖቹን ቤት ታውቋት የለ? ጭቃ የሚባል የላትም፣ ግድግዳዋ ጣውላ፣ ሚስማሯ ሳይቀር ከወይራ የተጠረበ። አናጢው ባሌ ገመቹ ነው። ታዲያ መሀሏ ላይ ጣሪያውን በሙሉ የያዘ አንድ የጥድ ምሰሶ አለ፣ እሱን ከጫካ ያወረድነው በጉዛ ነው፣ እናንተ ደቦ የምትሉት። እስላሙም ክርስቲያኑም ወጣ። አርባ ሰው ተሸከመው! እንዲህ ባልኩ ቁጥር ገመቹ መጥረቢያውን አስቀምጦ፣ "አስራ ሁለት ነው፣ ጫልቱ" ይለኛል። "አርባ!" እላለሁ። "አስራ ሁለት!" ይላል። እንዲህ ስንባባል አረጀን እላችኋለሁ።

ታዲያ ደርግ መጣና ቄሷ የነበረው ፈረንጅ አገሩ ገባ፣ ቤቷም ታሸገች። አንድ ቀን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሰብስቦን፣ ደረቱን ነፍቶ፣ እንዲህ፣ እዩኝ፣ እንደ አውራ ዶሮ፣ "ይህ የፈረንጅ ቤት ሰኞ ይፈርሳል! እንጨቱም ለማገዶ ይሆናል!" አለ። እና ማን ቢነሳ ጥሩ ነው? ጎረቤታችን ሐጂ ዑመር!

"ጓድ፣ የፈረንጅ አይደለም" አሉ። "ያ ምሰሶ የመጣው በእኔ ትከሻ ነው። በጉዛ የቆመ ከፈረሰ፣ የተሸከመ የተሸከመውን ይወስዳል። የአባቶቻችን ወግ ነው።"

ሊቀመንበሩ ራሱን አከከና፣ "እንግዲያው እናንተው አፍርሱት፣ ቆርቆሮው ግን የማኅበሩ ነው!" አለ።

እና በጠራራ ፀሐይ አፈረስናት። ገመቹ፣ ቤቷ ዳግም ስትቆም ቦታው እንዳይጠፋው፣ እያንዳንዱ ጣውላ ላይ በመሮ ምልክት እየቆረጠ ያስረክባል፣ እንባውም እጁ ላይ ይወርዳል። አንዱ በር አደረገው፣ አንዱ አልጋ። እኔ የመሠዊያዋን ጣውላ የፍየል ቤቴ መዝጊያ አደረግኩት፣ ማን ይጠረጥራል? ዛሬም መሠዊያዋ ዝናብ ሲጥል ፍየል ፍየል ትሸታለች፣ ቄሱ ስብከት መሀል ያስነጥሳቸዋል። ምሰሶውንስ? ሐጂ ዑመር ወስደው የራሳቸውን ቤት አቆሙበት። "ገመቹ፣ አማና ነው" አሉት፣ አደራ ማለታቸው ነው።

ዓመት አልፎ ዓመት መጣ፣ ደርግም ወደቀ። ጣውላው አንድ በአንድ ወደ ጉብታው ተመለሰ፣ ምሰሶው ብቻ ቀረ። ታዲያ ማን ይጠይቅ? የሐጂ የልጅ ልጆች ሥሩ ይተኛሉ። ገመቹ ደግሞ ታሞ አልጋ ይዟል፣ ጠዋት ጠዋት፣ "መጣ?" ይለኛል። "መንገድ ላይ ነው" እላለሁ። ዋሸሁ፣ ምን ላድርግ!

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከሐጂ ግቢ መዶሻ ሰማሁ። ሮጬ ብሄድ ጣሪያቸውን እያወረዱ! ሚስታቸው ዕቃዋን ደጅ አውጥታ፣ ሕፃን ታቅፋ ቁጭ ብላለች።

"ሐጂ! ቤትዎስ?"

"አዴ ጫልቱ፣ ቤት ይሠራል። ገመቹ ሳያየው ከሄደ ግን አላህ ፊት ምን ይዤ እቆማለሁ?"

መንደሩ ነቅሎ ወጣ። ገመቹን በወንበር ተሸክመን ደጅ አስቀመጥነው፣ ምሰሶውም በፊቱ አለፈ። ያኔ የተሸከሙት ሸብተዋል፣ አሁን ልጆቻቸው ናቸው ከሥር የገቡት፣ ሽማግሌዎቹ እንጨቱን በእጃቸው እየነኩ ከጎን ከጎን ይሄዳሉ። ገመቹ ጣቱን እያነሳ ቆጠረ፣ ቆጠረ። ሲጨርስ እጄን ይዞ፣ "ጫልቱ፣ አርባ ናቸው" አለኝ።

ከዚያ ብዙም አልቆየ፣ ቀበርነው። የመጀመሪያዎቹ አስራ ሁለት ነበሩ፣ ይኸው አመንኩ። ይህኛውን ግን እሱ ነው የቆጠረው።

"የሐጂስ ቤት፣ እማማ?"

እሱንማ እኛ በጉዛ ሠራንላቸው! የአዲሱን ቤታቸውን ምሰሶ መቶ ሰው ተሸከመው! ምን ያስቃችኋል? መቶ ነው አልኩ፣ እንግዲህ የሚያርመኝ የለም።