ሦስተኛው መንቃት

ክረምት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አዲስ አበባ፤ ግርማቸው ከቀን እንቅልፉ ተነስቶ የመኝታ ቤቱን ማብሪያ ማጥፊያ ቀጭ ቀጭ ያደርጋል፣ ሚስቱ ሰናይት አጠገቡ ቆማለች፣ ዶፉ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

ሰናይት፦ ውጣ እንጂ ሰውዬ! እማዬ ሳሎን ተቀምጣ አንተ ከግድግዳ ጋር ትታገላለህ?

ግርማቸው፦ አልበራም። አየሽ? ሕልም ውስጥ ነኝ።

ሰናይት፦ መብራት ሄዶ ነው።

ግርማቸው፦ ቅድምም እንደዚሁ ብለሽኛል።

ሰናይት፦ ቅድም መቼ?

ግርማቸው፦ ቅድም ስነቃ። ተነሳሁ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ጫማዬን አሰርኩ፤ ከዚያ እንደገና ነቃሁ። ለካ አልጋዬ ላይ ነኝ፤ እሱም ሕልም ሆኖ ደግሞ ነቃሁ። ሁለት ጊዜ ተሸውጃለሁ፣ ሦስተኛ አልሸወድም። ስለ ሕልም ያየነው ቪዲዮ ላይ ፈረንጁ ምን አለ? ሕልም ውስጥ መብራት አይበራም።

ሰናይት፦ እሱ አገር መብራት አይጠፋማ! በዚህ ከሆነ እኛ ሠፈር ዓመቱን ሙሉ ተኝተን ነው የምንኖረው።

ግርማቸው፦ ሰዓቱስ? ይኸው፣ ቆሟል።

ሰናይት፦ ባትሪ ግዛ ካልኩህ ስንት ጊዜዬ?

ግርማቸው፦ እናትሽስ? የሚመጡት ነገ ለወንድምሽ ለይርጋ ሙት ዓመት ነው። ዛሬ ሳሎን ምን ይሠራሉ?

ሰናይት፦ መንገዱ በዝናብ ሳይበላሽ ብላ ቀደም አለች። ውጣና ሳማት።

ግርማቸው፦ የሕልሜ ሰናይት መቼም መልስ አታጣም። ደግሞ እዚህ ታምሪያለሽ።

ሰናይት፦ ስትነቃስ?

ግርማቸው፦ ስነቃማ ፊትሽ ለቅሶ ቤት ነው። ወንድምሽ ከሞተ ሳቅሽን አላየሁትም። ነይ፣ ቁጭ በይ። እንደለመድነው ልንገርሽ፣ አልቅሺ፣ ከዚያ ልንቃ።

ሰናይት፦ ምን ነግረኸኝ ነው የማለቅሰው?

ግርማቸው፦ የይርጋን ነዋ።

ሰናይት፦ የይርጋን ምን?

ግርማቸው፦ ይኸው፣ ሁሌም እንዲህ ነው የምትጀምሪው።

ሰናይት፦ ቆይ፣ በሩን ልክፈተው። ጨለመብኝ።

ግርማቸው፦ ክፈቺው። ሕልም አይደል?

ሰናይት፦ ሕልም ነው። በል ንገረኝ። ጮክ በል ግን፣ ዝናቡ አያሰማም።

ግርማቸው፦ መኪናዋን የነዳሁት እኔ ነኝ።

ሰናይት፦ አልሰማሁህም።

ግርማቸው፦ እኔ ነኝ የነዳሁት! ይርጋ ጎኔ ተቀምጦ ነበር። ሸኖን አለፍ ብለን ሽማግሌውን ገጨኋቸው፣ ከዚያ ተገለበጥን።

ሰናይት፦ ሰክሮ ነው ያሉትስ?

ግርማቸው፦ የጠጣሁት እኔ። እሱማ «አምጣ፣ እኔ ልንዳ» እያለ ሲለምነኝ ነበር። አንቺ ግን ሰክሮ ነው ሲሉሽ ዝም ብለሽ አመንሽ። የገዛ ወንድምሽን!

ሰናይት፦ መሪው ላይ ነው የተገኘው።

ግርማቸው፦ ጎትቼ አስቀመጥኩታ። የሞተ ሰው አይታሰርም።

ሰናይት፦ እናቴ ዓመቱን ሙሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ቆማ ነው ያስቀደሰችው። የነፍሰ ገዳይ እናት ነኝ ብላ።

ግርማቸው፦ አውቃለሁ።

ሰናይት፦ ድንጋይ ተሸክማ የሽማግሌው ልጆች ደጅ ስትንበረከክ አጠገቧ ነበርክ።

ግርማቸው፦ ድንጋዩን የመረጥኩላቸው እኔ አይደለሁ? ቀለል ያለ አንስቼ ብሰጣቸው፣ «ልጄ ሰው ገድሎ ይቺን ነው የምሸከመው?» ብለው ትልቁን አነሱ።

ሰናይት፦ አንተስ?

ግርማቸው፦ ክንዳቸውን ደገፍኩ። «አይዞዎት እማማ» እያልኩ።

ሰናይት፦ ይርጋን ስትጎትተው ሞቶ ነበር?

ግርማቸው፦ ይሄንንም ሁሌ ትጠይቂያለሽ።

ሰናይት፦ ምን ትለኛለህ?

ግርማቸው፦ ሞቶ ነበር እልሻለሁ።

ሰናይት፦ ሕልም ውስጥም ትዋሻለህ? ማንን ፈርተህ?

ግርማቸው፦ ...እጄን ያዘኝ።

ሰናይት፦ ጮክ በል።

ግርማቸው፦ እጄን ያዘኝ አልኩሽ! ጣቶቹን አላቅቄ አስለቀቅኩት። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ለማንም አልደወልኩም። ዝም እስኪል ጠበቅኩት። በቃ፣ ይኸው ነው። አሁን አልቅሺ።

ሰናይት፦ አላለቅስም።

ግርማቸው፦ እዚህ ጋ ነው የምታለቅሺው። ትጮሂያለሽ፣ እኔ እነቃለሁ፣ ቅልል ይለኛል፤ አንቺ ያቀረብሽልኝን ቁርስ ጥርግ አድርጌ እበላለሁ። አልቅሺ እንጂ ሰናይት!

ሰናይት፦ ዝናቡ አባራ።

ግርማቸው፦ ውጪ ማነው የሚጮኸው?

ሰናይት፦ የሠፈር ልጆች ናቸው። «መጣ! መጣ!» ይላሉ።

ግርማቸው፦ ምኑ ነው የመጣው?

ሰናይት፦ ቀና በል።

ግርማቸው፦ አምፖሉ... ሰናይት፣ አምፖሉ በራ።

ሰናይት፦ ይኸው አጠፋሁት። ይኸው አበራሁት። ራስህ ሞክረው።

ግርማቸው፦ ቆንጥጪኝ።

ሰናይት፦ እጄ አይነካህም።

ግርማቸው፦ ገና አልነቃሁም አይደል? ይሄም እንደ ቅድሙ ነው፣ አሁን እነቃለሁ። ሕልም ነው በይኝ። በእናትሽ!

ሰናይት፦ እናቴማ በሩ ላይ ቆማለች። ዞር በልና ራስህ ጠይቃት።